ወገብ የማያምበት ኮረብታ

«ሁሉም ሰው ደህና ነው» ሲባል የሚከፋው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ከክፋት አይደለም፤ ሥራዬ ነው። በአንድ የጥናትና የፖሊሲ ድርጅት ውስጥ የጤና ፍትሐዊነት ፕሮግራም ኃላፊ ነበርኩ። ይህን ማዕረግ ለሰው ማስረዳት ከሥራው ይከብዳል። ሲ.ኤም.ሲ. ያሉት ጎረቤቶቼ ግማሾቹ «ጤና» የሚለውን ብቻ ሰምተው የልጆቻቸውን ሳል ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ የቀሩት «ፍትሐዊ» የሚለውን ይዘው የአጥር ክርክራቸውን ያማክሩኛል። አማቴ ሁለቱንም ሰምተው ሁለቱንም ስለማያምኑ «ለመሆኑ እዚያ ቢሮ ስትውል ምን ትሠራለህ?» ይሉኛል። እጠረጥራለሁ ብዬ አልመልስላቸውም እንጂ እውነቱ እሱ ነው።

በዚያ ዘመን መጠርጠር የኔ ብቻ ሙያ አልነበረም። ታክሲ ውስጥ አንድ የማይታወቅ ሰው «ኑሮ እንዴት ነው?» ካለ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ መስኮት መስኮቱን ያያል። ሰው አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ስለነበር፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጫወት እንኳ የአምስቱ አለቃ የሆነው ጠርናፊ የት እንደቆመ በዓይኑ ይፈልጋል። ልዩነቱ፣ እኔ ለመጠርጠሬ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ስለሚበልጥ፣ ከሩቅ ሲታይ ቁጥቋጦው እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። እነዚህ ሴቶች ሲያማቸው የት ይታከማሉ፣ ጤና ጣቢያ ይደርሳሉ ወይ፣ ደርሰውስ ሰው ያያቸዋል ወይ የሚል ጥናት ጀመርን። ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች ላክሁ። መንገዱን አካፍዬ ቀኙን ለሰናይት፣ ግራውን ለብሩክ ሰጠሁ። ሰናይት በጤና ትምህርት ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋለች፤ የኛ ቤት ኮንትራት የመጀመሪያዋ ነበር። ብሩክ ልምድ አለው፤ በየድርጅቱ የሚፈለግ ልጅ ነው።

ቅጾቹ መጡ። የብሩክን ሳነብ እንደ ጥሩ ልብወለድ ያዘኝ። አንዷ ወገቧ ከሰኔ ጀምሮ ተቆርጧል፤ አንዷ ካርድ ክፍሉ ለምሳ ስለተዘጋ ሳትታይ ተመልሳለች፤ ሌላዋ ቤቷ ወልዳ አምቡላንስ የሚባለውን በሬዲዮ ብቻ ታውቀዋለች። ተሰርዞ የተስተካከለ መልስ እንኳ ነበረው። ሕይወት አለው፣ አልኩ።

የሰናይትን ቅጾች አነሳሁ። ባለፈው ወር ወገብዎን አሞዎት ያውቃል? የለም። ጤና ጣቢያው ይርቃል? ቅርብ ነው። በአገልግሎቱ ረክተዋል? በጣም። ሁለተኛው ቅጽ ላይም የለም፣ ቅርብ ነው፣ በጣም። አሥረኛውም። የመጨረሻውም። እስቲ አስቡት፤ ቀኑን ሙሉ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጬ የምውለውን እኔን ወገቤን ያመኛል፤ ዛፍ ተሸክማ ቁልቁለት የምትወርደውን ሴት አያማትም።

በኛ ሙያ የታወቀ ደዌ አለ። መረጃ ሰብሳቢው መስክ መውጣት ይሰለቸውና አንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅጹን ራሱ ይሞላል። ሲሰንፍ ሁሉንም አንድ ዓይነት ይሞላል። ዳይሬክተራችን ሁለቱን ጥቅል ጎን ለጎን አይቶ አልተጨነቀም፤ የሷ ይጣል፣ እሷም ትሰናበት፣ የብሩክ ይበቃናል አለ። ደብዳቤው በዕለቱ ተጽፎ መጣ። «መረጃ በመፈብረክ» ይላል። ይህች ሐረግ የተጻፈባት ልጅ በከተማው ያለ የጥናት ቢሮ ሁሉ እንደሚዘጋባት አውቃለሁ፤ ሁላችንም በስልክ የምንተዋወቅ ሰዎች ነን። የቀረው የኔ ፊርማና ቲተር ነበር።

ከመፈረሜ በፊት አስጠራኋት። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ ቅጾቹ ትንሽ ይመሳሰላሉ አልኳት።

«አዎ፣ ይመሳሰላሉ» አለች። «የመለሱልኝን ነው የጻፍኩት።»

አልፈራችም። አለመፍራቷን ጠረጠርኩት። ብትፈራ ኖሮ ፍርሃቷን እጠረጥር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ራሴ ወጣሁ። መገናኛ ለባቡሩ ሐዲድ ተቆፋፍሮ ስለነበር ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በታክሲ ሄጄ ፈረንሳይ ደረስኩ። የድርጅቱን መኪና ሆን ብዬ ተውኩት፤ አርማ የተለጠፈበት መኪና የሚያገኘው መልስ ሁሉ «ተመስገን» ነው። መታወቂያዬን ከአንገቴ አውልቄ ኪሴ ከተትኩ፣ አሮጌ ጃኬት ለበስኩ። ጫማዬን መለወጥ ግን ረሳሁ። እነሱ መጀመሪያ ያዩት ጫማዬን ነው።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሸክም ማሳረፊያ የሆነ የድንጋይ ካብ አለ። ቁመቱ ልክ እወገብ ላይ ስለሆነ ሸክሙን ሳይፈቱ አስደግፈው ያርፋሉ፤ መሬት ላይ ካስቀመጡት ብቻቸውን መልሰው አያነሱትም። ስድስት ሰባት ሴቶች እዚያ ተደግፈው ይጫወታሉ። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ፣ ቀስ ብዬ ወገብ ታዲያ አያማችሁም ወይ አልኩ። ጨዋታው ቀጥ አለ። አያመንም፣ አሉ በአንድ አፍ። አንዷ ይህን ስትል በቀኝ እጇ ወገቧን ታሽ ነበር። ሌላዋ ከላይ ለምትመጣ ጓደኛዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ወገባችሁን ያማችኋል ወይ እያሉ ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ለሁለት ታጥፋ፣ ቀና ብላ ማየት እንኳ አቅቷት፣ ከቅጠሉ ሥር መለሰች።

«ኧረ ወዲያ፣ ምን ሊያመኝ።»

ጤና ጣቢያውስ? ቅርብ ነው። ትረካላችሁ? በጣም። የሰናይትን ቅጽ እዚያው በሕይወቱ አገኘሁት።

በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ወይዘሮ ትርንጎ ይባላሉ፤ ሌሎቹ ከመመለሳቸው በፊት እሳቸውን ነበር የሚያዩት። ከየትኛው ቢሮ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እርስዎ እያሉ ነው የሚያናግሩኝ፤ አክብሮቱ አጥር ነበር። መዋሸት ደከመኝ። አንዲት ልጅ እዚህ ልኬ ነበር፣ መጥታ እንደሆነ ላረጋግጥ ነው፣ አልመጣችም ከተባለ ከሥራዋ ትባረራለች፣ ሌላም ቦታ አትቀጠርም አልኳቸው።

 ወይዘሮ ትርንጎ ሸክማቸውን ትተው ሌሎቹን ወደ ዳር ጠሩ። ሲንሾካሾኩ ሁለቱ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ፤ አንዷ ጫማዬን እያሳየች ትከራከራለች። ሰውየው እውነቱን ይሁን ሊያወጣጣን እየሞከረ ይሁን የሚለውን እያመዛዘኑ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን እኔን አላምነኝም። ሲመለሱ ወይዘሮ ትርንጎ አጠገቤ ተቀመጡና አንተ አሉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያቺ ቀጭኗን ነው? መጥታለች። ሦስት ቀን ነው የተመላለሰችው። እንዲህ ነው ነገሩ። በፊት አንድ ሌላ ቅጽ መጥቶ ነበር፣ ወገባችሁን ያማችኋል ወይ የሚል። ያመናል አልን። ከዚያ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ለጤናችሁ ሲባል ሸክም ቀርቷል ተባልን። ጫካው ክረምቱን ሙሉ ተዘጋብን። ያን ጊዜ ያመመን ወገባችን ሳይሆን ሆዳችን ነው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ኮረብታ ላይ ወገብ የሚያመው ሰው የለም።»

የኛ ቅጽ መምጣቱ እንደተሰማ ተሰብስበው መልሱን ተስማምተውበታል። ሰናይት በመጀመሪያው ቀን ያሉትን ጻፈች። በሁለተኛው ቀን እስክርቢቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ አሁን ለቅጽ አይደለም፣ ንገሩኝ አለቻቸው። የወገባቸውን፣ ካርድ ክፍል ተዘግቶባቸው የተመለሱበትን፣ ቤታቸው የወለዱበትን ሁሉ ነገሯት። ልጻፈው ወይ ስትል እንዳትጽፊው አሏት። አልጻፈችም።

«አንተም አትጽፈውም» አሉኝ። ቃል ገባሁ።

ልነሳ ስል፣ ለደንቡ ያህል፣ ከመንገዱ በግራ ያሉትን ሌላ ልጅ ነው ያነጋገራቸው፣ እነሱስ የት ነው የሚያርፉት ብዬ ጠየቅኩ። ሴቶቹ ተያዩ። በግራም በቀኝም የሚወርድ ሁሉ የሚያርፈው እዚሁ ካብ ላይ ነው። መነጽር ያደረገ ወጣት ወንድ አላያችሁም? ወይዘሮ ትርንጎ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሸክማቸው ውስጥ ትከሻቸውን አስገቡ።

«ከእናንተ ቤት የመጣችው ያቺ ልጅ ብቻ ናት።»

ቁልቁለቱን ስወርድ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ወገባቸው የሚያማቸው፣ ካርድ ክፍል ተዘግቶ የሚመለሱት፣ ቤታቸው የወለዱት እውነተኛ ሴቶች አሁን የተለየኋቸው ናቸው። ይህን የሚናገረው ግን እግሩ ኮረብታውን ያልረገጠው የብሩክ ቅጽ ነው። ኮረብታው ድረስ ሄዶ የተሞላው ቅጽ ከላይ እስከ ታች ይዋሻል። የተፈጠረው እውነት፣ የተሰበሰበው ሐሰት። የብሩክ አንዱ ቅጽ ጥግ ላይ የመስክ ጭቃ ነው ብዬ በአድናቆት ያለፍኩት ቡናማ ምልክት ነበር። ፍጹም ክብ ነበር፤ በማኪያቶ ብርጭቆ ልክ።

ቢሮ ገብቼ የሰናይትን ጥቅል እንደገና አወጣሁ። በቅጾቻችን መጨረሻ «የመረጃ ሰብሳቢው አስተያየት» የሚል ግማሽ ገጽ አለ። ኮምፒውተሩ ስለማያስገባው እኛም አናነበውም። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ላለማንበብ የወሰንኩትም እኔ። ከሁሉ በላይ ባለው ቅጽ ላይ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል፦ «መልሱ ሁሉ አንድ ነው። አንድ የሆነበትን ምክንያት ነግረውኛል፤ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጻፍኩም። ኃላፊው ራሳቸው ሄደው ቢጠይቁ ይሻላል።»

በሪፖርታችን ውስጥ ያ ኮረብታ የለም። ዳይሬክተሩ የብሩክን ቅጾች «ይናገራሉ» እያለ ተከራከረኝ፤ ብዙ እንደሚናገሩ አልካድኩም። በመጨረሻ ሁለቱንም ጥቅል ከሪፖርቱ አወጣን። ብሩክ ኮንትራቱ ሲያልቅ በተሻለ ደመወዝ ሌላ ቦታ ሄደ። እናንተ አሁን «ቃል ገብተህ ይኸው ጻፍከው» ትሉኛላችሁ። ዓመታት አልፈዋል፣ ስማቸውንም መንገዱንም ቀይሬያለሁ። ካቡንም አትፈልጉት፤ በሰጠኋችሁ አቅጣጫ አታገኙትም።

ያኔ ግን፣ ከኮረብታው እንደተመለስኩ፣ ሰናይትን አስጠርቼ ሄጄ ማጣራቴን ነገርኳት፤ ይቅርታ ጠየቅኩ። ደብዳቤውን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ፊት ለፊቷ ቀደድኩት። ትንሽ ቲያትር እንደነበረበት አምናለሁ። ታለቅሳለች ወይም ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቁርጥራጩን አየችው።

«ግልባጭ ነበረው?»

ሳቅሁ። እንዴት ይኖረዋል፣ አልተፈረመም እኮ አልኳት። እሷ አልሳቀችም፤ ቆማ ጠበቀች። ማህደሯን ሳታይ እንደማትሄድ ሲገባኝ ተነስቼ አብረን ወደ መዝገብ ቤት ወረድን። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የሰናይትን ማህደር አውጥታ ሰጠችን። የደብዳቤው ግልባጭ ከላይ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ተበስቶ ገብቶ ነበር። «መረጃ በመፈብረክ»። ዳይሬክተሩ አስቸኳይ ነው ስላሉ ፊርማው በኋላ ይደርሳል ብዬ አስገባሁት አለች ሠራተኛዋ፣ ያለ ምንም ክፋት።

ወረቀቱን ነቅዬ ይህንንም ቀደድኩት፤ በዚህኛው ቲያትር አልነበረም። ቁጥሩም ከመዝገቡ ላይ በኔ ፊርማ እንዲሰረዝ አደረግኩ። አልቋል እንሂድ አልኳት። ሰናይት ግን ማህደሩን አልዘጋችውም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የቀሩትን ገጾች አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመረች።

በሥራዬ፣ በመጠርጠር፣ ጎበዝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።