ዋጋህን አሳድገህ ና

እትዬ ገዲሴን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል እዋሻለሁ። ቤታቸው ገብቼ አላውቅም። ስንት ልጅ እንደወለዱ፣ ባላቸው ይኑሩ አይኑሩ ጠይቄ አላውቅም፤ ብጠይቅም የሚነግሩኝ አይመስለኝም። የማውቀው ከፉሪ በኩል ሽንኩርት በአህያ ጭነው እየመጡ ጎፋ መንገድ ዳር እንደሚሸጡ፣ አንድ ቅዳሜ ደግሞ ላፍቶ ያለው ቤታችን መጥተው እንደነበር ብቻ ነው። ይህን ያህል ብቻ እያወቁ ስለ ሰው መጻፍ ድፍረት ነው። ግን ግድ የለም፤ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ።

አስታራቂ የሌለው ሰፈር አይቻለሁ። እድር የሌለው ሰፈርም አለ ይባላል። ዋጋ ተከራካሪ የሌለው ሰፈር ግን በዚህ አገር አልተመሠረተም። ተከራካሪ ስል ሳንቲም ለማትረፍ የሚጨቃጨቀውን ተራ ሸማች ማለቴ አይደለም፤ ያማ ሁላችንም ነን። እውነተኛው ተከራካሪ ዋጋ ሲነገረው እንደ ሰላምታ ነው የሚቆጥረው። ሰላምታ ተቀብሎ ዝም ብሎ መክፈል ነውር ይመስለዋል።

ክብርት እትዬ ገዲሴ፣ የጎፋና የአካባቢው የዋጋ ጉዳይ ባለሙሉ ሥልጣን፣ ዋጋ ሲነገራቸው አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋሉ። ሻጩን እንደታመመ ዘመድ በሐዘኔታ ያዩታል። ከዚያም ሰፈር ያወቃትን ያቺን ቃል ይናገራሉ፤

«ይሄማ ስሙ ነው፤ ዋጋውስ?»

ጊዜው የደርግ ነው። ስኳር በራሽን ከቀበሌ ሱቅ ይታደላል፤ ዋጋው በካርቶን ላይ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ያንን ዋጋ የሚከራከር ሰው ሊኖር ይችላል ብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ አልጠረጠረም። እትዬ ገዲሴ ሰልፉን ጨርሰው ተራቸው ሲደርስ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«እትዬ፣ የመንግሥት ዋጋ እኮ ነው» አለ ሻጩ ደንግጦ።

«ታዲያ ሄደህ ጠይቅልኛ። እጠብቅሃለሁ።»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳቁን በነጠላው አፈነ። ሻጩ ዋጋውን አልቀነሰም፤ መቼም ነፍሱን ይወዳል። ግን የስኳሩን ባዶ ጆንያ ምራቂ ብሎ ሰጥቶ ገላገላቸው። ከቀበሌ ሱቅ ምራቂ ያገኘ ሰው ከእርሳቸው በፊትም ሆነ ከእርሳቸው በኋላ አልሰማሁም።

ተሳፋሪው ፊት ለፊት ስለሚፋጠጥባት «ውይይት» ባልናት ታክሲም ውስጥ ይከራከሩ ነበር። ቅርጫታቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና «ወንበርህን ግማሹን ብቻ ነው የያዝኩት» ይሉታል ረዳቱን። መርፌ የሚወጋን ጌቱ ድሬሰር ደግሞ ሦስት መርፌ ታዞላቸው ሲሄዱ «ሦስቱንም አሁኑኑ ብትወጋኝ ስንት ትቀንስልኛለህ?» እንዳሉት እስከ ዛሬ እየማለ ያወራል።

ከሁሉም ምራቂ ይቀበላሉ። እርሳቸው ግን ከሽንኩርት መደባቸው ላይ ለማንም ምራቂ ጨምረው አያውቁም። «መርቁልኝ እንጂ» ያለች ሴት ብትኖር «እግዜር ይመርቅሽ» ተብላ ትሄዳለች።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው እኔን ሊከራከሩ የተላኩት።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ፣ ቤት የዋልኩ ልጅ ነበርኩ። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በነፃ አስተምሬያለሁ። በሌላ ቦታ ሁሉ አንደበቴ የታሰረ ነው፤ ዳቦ ቤት ገብቼ ሳልገዛ የወጣሁበት ቀን አለ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም ግን፣ ምን እንደሚነካኝ አላውቅም፣ አፌ ይፈታል። ክፍልፋይ ሳስረዳ አንዳንዴ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሌላ የምችለው ነገር አልነበረኝም።

አባቴ አቶ ዳኜ ግን ቁርጡን ነገረኝ። «አምሐ፣ እስከ መስቀል አይሃለሁ። ማስተማር እንጀራ ከሆነልህ እሰየው። ካልሆነ አዋሽ አጎትህ ዘንድ ትወርዳለህ፤ የመንግሥት እርሻ ላይ ጥጥ ትመዝናለህ።»

እንጀራ እንዲሆንልኝ ደግሞ ዋጋ መናገር ነበረብኝ። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ከዚያ በፊት ለማስጠናው ልጅ ወላጆቹ ስንት እንክፈልህ ሲሉኝ መልሴ አንድ ነበር፤ «እንደፈቀዳችሁ»። እንደፈቀዳችሁ የሚል ሰው በዚህ አገር ምን እንደሚያገኝ ታውቃላችሁ። አንድ ሥጋ ሻጭ ልጁን ክረምቱን ሙሉ አስጠንቼለት እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ «እደግ ተመንደግ» አለኝ። ሚስቱ ንፍሮ አቀረበች። ተመንደጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በነሐሴ ማለቂያ ላይ አቶ ሮበሌ የሚባሉ የጎፋ አናጢ አስጠሩኝ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚፈተኑ ስድስት ልጆች ተሰባስበዋል፤ የእርሳቸው በረንዳ ክፍል ይሆናል፤ ሒሳብ አስተምረን አሉኝ። ዋጋዬን ሲጠይቁኝ ያቺን የለመድኳትን ቃል አልኩ። አቶ ሮበሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንደፈቀዳችሁ የሚል ሰው ኋላ ያጣላል። እኛ ወላጆች ሰው እንልክብሃለን፤ ከእሷ ጋር ጨርስ።»

«ማንን?»

«ገዲሴን። የእህቷ ልጅ ደራርቱም ከተማሪዎቹ አንዷ ናት።» ይህን ሲሉ ፈገግ አሉ። የሰው ላም በጅብ ሲያስጠብቁ ፈገግ የሚሉ ሰው ናቸው።

ሳምንቱን ሙሉ በስባሪ መስተዋት ፊት ቆሜ «አምስት ብር» ማለት ተለማመድኩ። ለመስተዋቱ ጥሩ አድርጌ እነግረው ነበር። እርሱም አልተከራከረኝም።

ቅዳሜ እትዬ ገዲሴ መጡ። መቀነታቸውን እንደ ዘማች ጠበቅ አድርገዋል። ከአባቴ ጋር ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ተጨዋወቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሺ መምህር» አሉ። እስከዚያች ቀን መምህር ብሎ የጠራኝ አልነበረም። «ለአንድ ልጅ፣ ለወር፣ ስንት ትላለህ?»

አምስት ብር አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ሲወጣ ግን «ሦስት ብር» ሆኖ ወጣ።

እትዬ ገዲሴ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ቃሏን ጠበቅሁ። አልመጣችም። ዝም ብለው አዩኝ።

«ከበዛ… ሁለት ከሃምሳም ይሆናል» አልኩ።

አንገታቸው ከዘነበለበት አልተመለሰም።

«ደራርቱ ደግሞ ጎበዝ ናት ስለሚባል፣ ለእሷማ…»

«ተው!» ብለው ብድግ አሉ። «ማሎ፣ እባክህ ተው! አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትከራከረው? እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም!»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዓይን አፋር ስለሆነ ነው፣ ገዲሴ።»

«ዓይን አፋርስ ከሚስቱ እናት ፊት ይፈር! ሰው ምን ይለኛል? ‹ገዲሴ ወገቧን አስራ ሄደች፤ ስትደርስ ልጁ ራሱን ጥሎ አገኘችው› ይበሉኝ? እንዲህ ያለውን መከራከር የተኛ ሰው ታግሎ መጣል ነው። ስሜ ይጠፋል!»

«እንግዲህ ካልሆነም ምን ይደረጋል» አለ አባቴ ተስፋ በመቁረጥ። «ከመስቀል በኋላ አዋሽ ይወርዳል። ጥጥ ይመዝናል።»

የእትዬ ገዲሴ ዓይን ግድግዳው ጥግ ላይ የተደገፈው ሰሌዳዬ ላይ አረፈ። ከኮምፖንሳቶ ቆርጬ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ወቅጬ ያጠቆርኩት ነው።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

ጠጋ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ጣታቸውን አዩ፤ ጥቁረቱ አልለቀቀም። ከዚያ ወደ በሩ አመለከቱኝ።

«ተነስ፣ ውጣ። ዋጋህን አሳድገህ ና።»

ከገዛ አባቴ ቤት፣ አባቴ እያየ፣ ሽንኩርት ሻጭ አባረረችኝ። ደጅ ትንሽ ቆሜ አንኳኩቼ ገባሁ።

«አምስት ብር።»

«በሩ ጋ አምስት ነበር። ወንበሩ ጋ ስትደርስ ሦስት ሆነ፤ ድምፅህ መንገድ ላይ ወደቀ። ውጣ።»

ወጥቼ ተመለስኩ። «ስምንት ብር… ይመስለኛል።»

«‹ይመስለኛል› ስንት ብር ነው? ውጣ!»

በዚህኛው ተከትለውኝ ደጃፉ ድረስ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔን ፊት ምን አድርግ ብለህ ታየዋለህ? እኔ ስሸጥ ሽንኩርቴን ነው የማየው። የገዢውን ፊት ባይ ኖሮ ይሄኔ ሁሉንም በነፃ አድዬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በተቀመጥኩ። ሰሌዳህን እይ።»

ለመጨረሻ ጊዜ ገባሁ። ማንንም አላየሁም። ያንን ጥቁር ሰሌዳ ብቻ አየሁ፤ በላዩ ላይ ክፍልፋይ ስጽፍ፣ ልጆቹ «ኧረ ገባኝ!» ሲሉ ታየኝ። ዳቦ ቤት ውስጥ የሚጠፋብኝ ድምፅ ሳይሆን ያ ሌላኛው መጣ።

«አሥር ብር!»

የጎረቤት ውሻ ጮኸ። አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። እትዬ ገዲሴ ግን ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አደረጉ። ፊታቸው ላይ እንደዚያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም።

«ይሄማ ስሙ ነው» አሉ። «ዋጋውስ?»

ብዙ ሰው በሕይወቱ የሰማውን ጥሩ ቃል ሲያወራ እሰማለሁ። ሚስቴ እሺ ያለችኝን ቀን ጨምሮ፣ የኔ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ክርክር ለታሪክ የሚበቃ ነበር። «አራት ብር» አሉ። «በአራት ብር የአራተኛ ክፍል አስተምራለሁ» አልኩ፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ጭናቸውን መቱ። «ሰሌዳው የራስህ ነው፣ በረንዳው ግን የእኛ ነው» አሉ። «ጠመኔው ደግሞ የኔ ነው» አልኩ። ድንገት ተነስተው «በቃ፣ ሌላ እንፈልጋለን» ብለው ወጡ። እኔ ሮጬ ልከተላቸው ስል አባቴ ሸሚዜን ያዘ።

«ተቀመጥ» አለኝ በሹክሹክታ። «ትመለሳለች።»

እውነትም ተመለሱ። «ጃንጥላዬን ረስቼ ነው» አሉ። ጃንጥላ ይዘው አልመጡም ነበር። ጃንጥላውን ሲፈልጉ ስድስት አሉ፤ ሳይገኝ ሲቀር ሰባት አሉ። በሰባት ጨረስን። በምራቂ መልክ ፈተና ሲቀርብ ቅዳሜ ቅዳሜ ክለሳ ላደርግ ተስማማሁ። እጄን መትተው ሄዱ።

ማግስቱን አቶ ሮበሌ መንገድ ላይ አቀፉኝ። «አንተ ጨካኝ! አሥር ብር ጠየቅህ አሉ! ገዲሴ ባትኖር ጉዳችን ነበር። ሦስት ሦስት ብር አተረፈችልን፤ እሷን የወለደች እናት ትባረክ!» ወላጆቹ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያወሩት። በእኔ ላይ ድል ማድረጋቸውን ሰፈሩ አንድ ሳምንት አወራው። እኔም እንደተሸነፈ ሰው አንገቴን ደፍቼ፣ በሆዴ እየሳቅሁ፣ መስከረም ላይ ሰሌዳዬን ተሸክሜ ጎፋ ሄድኩ።

መስቀል አለፈ፤ አዋሽን የሚያነሳ ጠፋ። የመጀመሪያውን ደመወዝ ለአባቴ ስሰጠው ቆጥሮ ኪሱ ከተተው። ግን በዚያው ሳምንት ጎረቤት ሲጠይቀው በአጥሩ በኩል ሰማሁት፤ «መምህሩን ነው? የለም፣ ክፍል አለው።»

በማግስቱ ጎፋ መንገድ ዳር እትዬ ገዲሴ ዘንድ ሄድኩ። አንድ መደብ ሽንኩርት ገዛሁ። አልተከራከርኩም፤ እዚያ ድረስ ገና አልደረስኩም። ሽንኩርቱን ወደ ዘንቢሌ ሲገለብጡ ሳምንታት ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ያን ቀን ሲልኩዎት ወላጆቹ እስከ ስንት ጨርሺ ብለውዎት ነበር?»

እትዬ ገዲሴ አላዩኝም። ሽንኩርቱን ነበር የሚያዩት። ከመደቡ ላይ አንድ ትልቅ ሽንኩርት መረጡ፣ አፈሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ዘንቢሌ ላይ ጨመሩልኝ። ከዚያም ከኋላዬ ወደቆመችው ሴት ዞረው «አንቺስ፣ እህቴ፣ ስንት መደብ?» አሏት።