ምንጭ ያልተጠቀሰለት አስተዳዳሪ

በዚህ አገር ሹመት እንደ ጉንፋን ነው። ከማን እንደያዘህ ሳታውቅ ይይዝሃል፤ ለምን እንደለቀቀህም ሳታውቅ ይለቅሃል። ልዩነቱ፣ ጉንፋን ሲይዝህ ቀድመህ የምታውቀው አንተ ነህ። ሹመት ግን ጎረቤት ቀድሞ ሊያውቅብህ ይችላል። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፣ ተሹሜ አይቼዋለሁ።

የወረዳዬን ስም አልጠራም። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ካሉት አንዷ ናት ብላችሁ ያዙልኝ። እኔ እዚያ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ሥራዬ የወረዳ ምክር ቤት ምን እንደሚሠራ ለተማሪዎች ማስረዳት ነው። የምክር ቤቱ አባላትም ገብተው ቢማሩ አይከፋኝም ነበር... ግን ይሄ ሌላ ወግ ነው።

ጋሻው የሚባል ወዳጅ አለኝ። ደባርቅ ላይ ቱሪስት ተራራ የሚያስወጣ አስጎብኚ ነው። አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ መንገድ ላይ «የእናንተ ወረዳ እንዴት ነው የሚተዳደረው?» ብሎ ጠየቀው። ጋሻው ስለ ጭላዳ ዝንጀሮና ስለ ዋልያ ከተጠየቀ ሲያወራ ይመሻል፤ ስለ ወረዳ ግን ያለው መልስ «ደህና ነው» ብቻ ነበር። አፍሮ መጣና ነገረኝ። አብረን ደባርቅ ሄደን ኢንተርኔት ቤት ገባን። ማንም በፈቃዱ ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም ገብቶ የሚያርምበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት እንዳለ ታውቃላችሁ። የእኛን ወረዳ በአማርኛ ስንፈልግ አንዲት ዓረፍተ ነገር አገኘን፤ «በኢትዮጵያ የሚገኝ ወረዳ ነው» ትላለች። አለቀ። የአባቶቻችን አገር በአንድ መስመር!

ደሜ ፈላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ደባርቅ እየሄድኩ ከጋሻው ጋር መጻፍ ያዝን። ባለቤቴ ውባለም መጀመሪያ ሌላ ሴት ያለች መስሏት ነበር። ስለ ወረዳ አስተዳደር መዋቅር በነፃ ልጽፍ እንደምሄድ ስነግራት ትንሽ አሰበችና ሌላ ሴት ብትሆን ይሻል እንደነበር ነገረችኝ።

እኔ እጽፋለሁ፣ ጋሻው ይተይባል። «ወረዳው በምክር ቤት ይመራል። ምክር ቤቱ በሕዝብ ይመረጣል፤ ተጠሪነቱም ለሕዝብ ነው» ስለው ጣቶቹን ከፊደሉ ላይ አነሣና ይሄ የኛ ወረዳ ነው ወይስ የስዊድን ብሎ ጠየቀኝ። የማስተምርበት መጽሐፍ የሚለው እንደዚህ ነው አልኩት። ተየበው።

በገጹ ጎን አንድ ሣጥን አለ። ከፍታ ይላል፣ ሞላን። የአየር ጠባይ ይላል፣ «ብርድ» ብለን ሞላን። ቀጥሎ «አስተዳዳሪ» ይላል። እዚህ ላይ ቆምን። ጋሻው አሰበና የገጹን አስተዳዳሪ ማለቱ እንደሆነ ወሰነ። ኮምፒውተሩስ ሲከፈት አስተዳዳሪው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ የለም ወይ? ገጹን የማስተዳድረው ደግሞ እኔ ነኝ። ነገሩ አሳመነኝ። «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች» እንደሚባለው፣ ስሜን ከነአባቴ አስጻፍኩ፤ ታደለ ምትኩ። ኮራሁም። በተከበረው ሣጥን ውስጥ፣ ከብርዱ ሥር፣ እኔ አለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ፈተና ሳርም በሩ ተንኳኳ። «ይግቡ» አልኩ። ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ቄስ ገቡ። ከከተማችን ቁልቁል ካለው ቀበሌ የመጡ ቄስ ሞላ የሚባሉ ናቸው። እኔ መስቀል ልሳለም ብድግ ብዬ አጎነበስኩ። እሳቸው ደግሞ ለባለሥልጣን እጅ ሊነሡ አጎነበሱ። መሐል ላይ ግንባር ለግንባር ተጋጨን።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ክቡር አስተዳዳሪ» አሉ ግንባራቸውን እያሻሹ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ አለቻቸው። አቤቱታ የሚያቀርቡለትን ሰው ስም ከኢንተርኔት ፈልጊልኝ ብለዋት፣ ታደለ ምትኩ የሚባል ነው ብላ ላከችላቸው። ከተማ ገብተው ሲጠይቁ ሰው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ጠቆማቸው። እኔ እንዳልሆንኩ፣ ስሕተት እንደሆነ፣ መምህር ብቻ እንደሆንኩ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ያለፈውም አስተዳዳሪ «እኔ አይደለሁም፣ ዞን ነው» ብሏቸው እንደነበር፣ የዞኑም «እኛ አይደለንም፣ ወረዳ ነው» እንዳላቸው ነግረውኝ ጉዳያቸውን ቀጠሉ።

ጉዳያቸው ምንጭ ነው። የቀበሌው ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚጠጣው ምንጭ ነበር። መንግሥት ላልማላችሁ ብሎ ዙሪያውን ገንብቶ፣ ቧንቧ አስገብቶ፣ ሪባን ቆርጦ አስመረቀ። ከምረቃው ወዲህ ውሃው ጠፋ። ሴቶቹ ገደል ወርደው ከወንዝ ይቀዳሉ። ምራታቸው ባለፈው ጀሪካን አዝላ ስትወጣ አዳልጧት ክንዷ ተሰበረ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔም ስለ ሹመቴ መከራከሬን ተውኩና ዝም ብዬ ሰማኋቸው። ሲወጡ የምችለውን እንደማደርግ ነገርኳቸው። የምችለው ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ደባርቅ በረርኩ። ጋሻው ታሪኩን ሰምቶ እስኪያነባ ሳቀ፤ ከዚያ ስሜን ሰረዝን። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ስሜ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀምጧል። የመለሰው «ዘንባባ» የሚባል በጎ ፈቃደኛ ነው። ማን ይሁን የት ይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። ጨዋነቱ ግን ያስለቅሳል። «ምንጭ ሳይጠቅሱ የባለሥልጣን ስም መሰረዝ አይፈቀድም። ስላደረጉት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን» ይላል።

ስንጽፈው ምንጭ ያልጠየቀ ሰው ስንሰርዘው ይጠይቃል። እኔ ራሴ ታደለ ምትኩ መሆኔን፣ አስተዳዳሪም አለመሆኔን ጻፍኩለት። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ የጥቅም ግጭት እንደሚሆን በትሕትና መለሰልኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ እንዳልተሾምኩ ለመመስከር ብቁ ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው!

ትክክለኛውን አስተዳዳሪ ከነምንጩ አስገባ ተባልኩ። የት ይገኛል? አስተዳዳሪዎቻችን ከገብስ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ከገብስ ቀድመው ይታጨዳሉ። የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ስም እንኳ ከአሁኑ በፊት የነበሩት ሰውዬ ስም ነው።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። በዚያው ሰሞን ለአንድ በዓል መጽሔት ታተመ። ያዘጋጀው ሰው፣ ነፍሱን ይማርና (አልሞተም፣ ግን ይማር)፣ ስለ ወረዳችን የሚጽፈው ሲያጣ የእኔንና የጋሻውን ጽሑፍ ከነፊደል ግድፈቱ ገልብጦ አሳተመው። «የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ታደለ ምትኩ» ይላል በደማቁ። ዘንባባ ይህችን መጽሔት ከየት እንዳገኛት እንጃ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገጹን ስንከፍት ስሜ ሥር የግርጌ ማስታወሻ ገብቶበታል። «ምንጭ ተገኝቷል» ብሎ ደስታውንም ገልጾልኛል። እኛ ከራሳችን ጽፈን፣ መጽሔቱ ከእኛ ቀድቶ፣ እኛ ደግሞ በመጽሔቱ ተመሰከረልን። ጋሻው በዚህ አያያዝ በዓመቱ ሚኒስትር ልሆን እንደምችል ገመተ።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝና ወረዳ እንደምፈለግ በጆሮዬ ነገሩኝ። ያን ጊዜ ወረዳ ተፈልጎ መሄድ ቀልድ አልነበረም። ቤት ገብቼ ሸሚዝ ስቀይር ውባለም ጋቢዬን አጥፋ በፌስታል ከትታ ሰጠችኝ። ቀን ነው፣ ጸሐይ ነው፣ ጋቢ ምን ያደርጋል አልኳት።

«ካሳደሩህ ብርድ ነው» አለች።

እውነተኛው አስተዳዳሪ ከመጡ ገና ወራቸው ነው። ፌስታሌን አቅፌ ስገባ መጽሔቱ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል። እሳቸው ግን አስቀመጡኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ። ስሕተቱን ገና ማስረዳት ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አቶ ታደለ፣ ስምዎን አሁን እንዳያወጡት» አሉ። «ከክልል የውሃ ሥራዎችን የሚገመግሙ ሰዎች ይመጣሉ። እነሱ እስኪሄዱ እዚያው ይቆይ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ሻዩን መልሼ አስቀመጥኩ። የደረቀው ምንጭ እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት የተሠራ ነው። የሚመጣው ወቀሳ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ነው የሚያገኘው። ታዲያ ወንበሩ ላይ በመጽሔትም በኢንተርኔትም የተቀመጥኩት እኔ ከሆንኩ...! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። እኔ ሳልበላ ሌሎች የበሉበትን ሳህን ላጥብ ነው። ገምጋሚዎቹ ራሴን ቢጠይቁኝስ ብዬ ፈራ ተባ አልኩ። እንደማይጠይቁ አረጋገጡልኝ። ስነሣ ቆላ ያለው ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር በጣም እንዳጠረው በወዳጅነት ጣል አደረጉልኝ። ወደ ተከዜ በኩል ነው። ጋቢ እንኳ አያስፈልግም።

ቤት ገብቼ ለውባለም ነገርኳት። ልጆቻችን የሚማሩት እዚሁ ነው፤ እናቷም ያሉት ዳባት ነው፣ ታማሚ ናቸው። ዝም ብል ለእኛ እንደሚሻል ሁለታችንም እናውቃለን። የቄስ ሞላ ምራት ክንድ ግን ከዓይነ ኅሊናዬ አልጠፋ አለ።

ገምጋሚዎቹ መጡ። አስተዳዳሪው የዚያን ዕለት ስብሰባ ሄደዋል። እንግዶቹ መጽሔቱን ይዘው ታደለ ምትኩ የት ነው ብለው ቢጠይቁ ከተማው በሙሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ጠቆማቸው። በጠመኔ እንደነጣሁ ከክፍል ተጠርቼ ወጣሁ። ቦት ጫማ ያደረጉ ኢንጂነር ሴትና አንድ ማስታወሻ የሚይዝ ጎልማሳ ቆመዋል። ጎልማሳው ጠመኔውን አይቶ አስተዳዳሪው ማስተማርም አለመተዋቸውን «ምርጥ ተሞክሮ» ብሎ ሊመዘግብ ነበር።

የቆላው ትምህርት ቤት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ዋጥ አድርጌው ተናገርኩ።

«አስተዳዳሪ አይደለሁም፣ መምህር ነኝ። ስሜ በስሕተት ነው የገባው። የደረቀውን ምንጭ ግን አውቀዋለሁ፤ ከፈለጋችሁ አሳያችኋለሁ» አልኳቸው።

ኢንጂነሯ ለአፍታ አዩኝና «እንሂድ» አሉ።

መኪናው እስከሚደርስበት ደርሰን ቀሪውን በእግር ወረድን። ቄስ ሞላና የቀበሌው ሴቶች ጠበቁን። ግንቡ አለ፣ ቧንቧው አለ፣ የምረቃው ጽሑፍም በእብነ በረድ አለ። የሌለው ውሃ ብቻ ነው። ኢንጂነሯ ዙሪያውን ሲሄዱ ቆዩና ቁልቁል አዩ። ገደሉ ጠርዝ ላይ ከድንጋዩ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል፤ የጭላዳ መንጋ ከብቦ ይጠጣል። ግንቡ ከምንጩ ዓይን በላይ ስለተሠራ ውሃው በሥሩ ሾልኮ ሄዷል። የንጹሕ ውሃ ሽፋኑ ለዝንጀሮዎቹ ደርሷል ማለት ነው።

ክንዷን በነጠላ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ቀረብ አለች። የቄስ ሞላ ምራት ናት።

«እትዬ» አለቻቸው፣ «ሪባኑን የቆረጡ ዕለት ትንሽ ወርዶ ነበር። እነሱ ሲሄዱ ውሃውም ሄደ። ሪባኑን እኔ ነኝ ያነሣሁት፤ ክንዴን ያሰርኩበት እሱ ነው።»

አየን። በእርግጥም ከነጠላው ሥር ክንዷ የታሰረው በቀይ ሪባን ነው። ማስታወሻ ያዡ ጎልማሳ እስክሪብቶውን ከደነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በወሩ ኢንጂነሯ ባለሙያ ላኩ። የቀበሌው ሰው ግንቡን አፍርሶ ቁልቁል ቆፈረ፤ ውሃውም ከነሙላቱ ወጣ። አስተዳዳሪው በግምገማው ክፉኛ ተወቀሱና፣ ለቅጣት ይሆን ለሽልማት፣ ወደ ዞን ተዛወሩ። የእኔን የዝውውር ደብዳቤ የሚፈርመው ሰው ቀድሞኝ ስለተዛወረ እዚሁ ቀረሁ። ዘንባባም አዲሱ አስተዳዳሪ በጋዜጣ ሲወጡ ስሜን አንሥቶ ለወረዳው ላበረከትኩት አመራር አመሰገነኝ።

የቀበሌው ደብር በነገሠ ዕለት ቄስ ሞላ ጠርተውኝ ከጋሻውና ከውባለም ጋር ወረድን። ጠላው ሲቀዳ፣ ሳያውቁ የተሾምኩ መስሏቸው ይህን ሁሉ ጊዜ በማዕረግ ስለጠሩኝ አንድ ጊዜ እንኳ በደንብ ልንገራቸው ብዬ ጠጋ አልኩና አስተዳዳሪ ሆኜ እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

ከመቼ ጀምሮ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ትምህርት ቤት ከመጣሁበት ዕለት ጀምሮ። ስመጣስ አምኜ ነበር የመጣሁት። ሰምተህ ስታዝንልኝ ግን፣ የሚሰማ ሰው ከተገኘ ማዕረጉን ምን አስጠየቀኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

ግን በምን አወቁ አልኳቸው።

ቄስ ሞላ ዋንጫቸውን አስቀመጡና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይ ልጄ፣ አስተዳዳሪማ ብትሆን ኖሮ፣ በመጣሁበት ቀን መች አገኝህ ነበር?»