ሁልጊዜ በሁለት ከሃያ የሚወጣው ጎረቤት

[የሰዓት መጠገኛ ክፍል። ግድግዳው በሙሉ ሰዓት ነው፤ ሁሉም የየራሱን ያወራል። ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በመጋረጃው ጥግ የጎረቤቱን ግቢ አሾልኮ ያያል። አርባ ዓመት ያለፈው የሚስቱ ወንድም የሰዓት ጥርስ በቤንዚን እያጠበ አንገቱን ያሰግጋል። ጠዋት ነው።]

ሰዓት ሠሪ፦ አንድ ጫማ ነው ያደረገው እያልኩህ።

አማች፦ ሁለት ነው ጋሼ።

ሰዓት ሠሪ፦ ዓይን የለህም? ግራ እግሩ እኮ በካልሲ ብቻ ነው።

አማች፦ ሌላውን በእጃቸው ይዘውታል። አንድና አንድ ሁለት።

ሰዓት ሠሪ፦ በእጅ የተያዘ ጫማ ተደረገ አይባልም።

አማች፦ ጓንትስ?

ሰዓት ሠሪ፦ ጓንትማ የእጅ ነው።

አማች፦ እሳቸውም ለጊዜው የእጅ አድርገውታላ።

ሰዓት ሠሪ፦ [መነጽሩን ወደ ዓይኑ አውርዶ ያየዋል] አንተና እህትህ ከአንድ እናት መወለዳችሁን አንዳንዴ እጠራጠራለሁ። እሷ እኮ ብልህ ናት፤ እኔን መርጣ ያገባች።

አማች፦ እኔም የምጠራጠረው እሱ ላይ ነው።

ሰዓት ሠሪ፦ ዝም ብለህ እጠብ። ይህ ሰውዬ ጤና የለውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላም ነስቶኛል። ቤቴ ውስጥ ልጅ አለች፣ ሚስት አለች፣ ሠላሳ የሰው ሰዓት አለ። ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ሳላውቅ እንዴት ልተኛ?

አማች፦ ሰላም ብለው ቢጠይቋቸውስ?

ሰዓት ሠሪ፦ አዬ የዋህ! የሚጠረጠር ሰው ይጠየቃል እንዴ? ይጠናል እንጂ። ማስረጃ አለኝ፤ በደቂቃ በደቂቃ ይዤዋለሁ። [ከኪሱ ደብተር ያወጣል] ስማ። «ሰኞ። ሁለት ከሃያ ላይ ከቤቱ ወጣ። ሰማይ ሰማይ አየ። ሁለት ከሃያ ላይ ተመልሶ ገባ። ሁለት ከሃያ ላይ ኮት ለብሶ እንደገና ወጣ።»

አማች፦ ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ?

ሰዓት ሠሪ፦ ፈጣን ነዋ። ቀርፋፋ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?

አማች፦ ማክሰኞስ?

ሰዓት ሠሪ፦ ሁለት ከሃያ።

አማች፦ ረቡዕ?

ሰዓት ሠሪ፦ ሁለት ከሃያ። ዝንፍ አይልም። አሁን ገባህ? ደህና ሰው አንድ ቀን ይቀድማል፣ አንድ ቀን ይዘገያል። እንዲህ ደቂቃ ሳያዛንፍ የሚወጣና የሚገባ አንድ ነገር ያቀደ ሰው ብቻ ነው።

አማች፦ ጋሼ፣ ትናንት ከምሳ በኋላም ሲጽፉ አይቼዎታለሁ።

ሰዓት ሠሪ፦ [ገጽ ይገልጣል] አዎ። «ከምሳ በኋላ፣ ሁለት ከሃያ። በሩጫ መጣ።»

አማች፦ ከምሳ በኋላ ሁለት ከሃያ ይሆናል?

ሰዓት ሠሪ፦ ስለ ሰዓት እኔን ታስተምረኛለህ? ሃያ ስድስት ዓመት እኮ ነው የሠራሁት። እኔ የጻፍኩት ያየሁትን ነው፣ ያየሁት ደግሞ በዚህ በመስኮቱ ሰዓት ነው። [ከራሱ በላይ የተሰቀለውን ትልቅ ክብ ሰዓት በፍቅር ይደባብሳል] ከሁሉም እሱን እወደዋለሁ። እንደነዚያ አይንጫጫም። ሲጠገን ቆንጆ ሆኖ ተጠግኗል መሰለኝ፤ እዚህ ከሰቀልኩት ጀምሮ ኮሽ ብሎ አያውቅም።

አማች፦ እውነት ነው። ምንም አይልም።

[ከግድግዳው አንዱ ሰዓት አምስት ጊዜ ይመታል። እሱ ሳይጨርስ ሌላው ሦስት ጊዜ ይመታል።]

ሰዓት ሠሪ፦ ና፣ ና፣ ቶሎ ና! ጆሮውን ግድግዳችን ላይ ለጠፈ። በጣቱ ይቆጥራል። አየህ? አምስት ሲመታ ኮቱን ለበሰ፤ ሦስት ሲመታ ደግሞ መልሶ አወለቀ።

አማች፦ በረዳቸው፣ ከዚያ ሞቃቸው።

ሰዓት ሠሪ፦ ምልክት ነው! ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እሰማ ነበር፤ የማን ጆሮ እንደሆነ ዛሬ አየሁ። ሰውዬው ምልክት እየተቀበለ ነው።

አማች፦ ከማን?

ሰዓት ሠሪ፦ ምልክቱ ከተላከበት።

አማች፦ የተላከው ከእኛ ቤት ነው እኮ ጋሼ። ሰዓቶቹን የሰቀሉት እርስዎ ነዎት።

ሰዓት ሠሪ፦ ነገሩ ካሰብኩት በላይ ጥልቅ ነው። ደግነቱ ዛሬ ነገ አላልኩም። ትናንት ለአከራይዋ አድርስ ብዬ የሰጠሁህ ደብዳቤ ሥራውን ይሠራል። ከነማስረጃው ነው የጻፍኩላት፤ እስከ ወር መጨረሻ ዕቃውን አውጥታ በሩን ትቆልፍበታለች።

አማች፦ [ቤንዚን ውስጥ የነበረው ጥርስ ከእጁ ያመልጠዋል] ከቤት ያስወጧቸዋል?

ሰዓት ሠሪ፦ ታዲያ ደብዳቤው ምን መሰለህ፣ የምሥራች?

አማች፦ ሰላምታ መስሎኝ። እሳቸውማ ቤት ካጡ የት ይገባሉ? ሥራቸውም እንዲሁ ከእጃቸው ሊወጣ ነው።

ሰዓት ሠሪ፦ የምን ሥራ? እሱ ሥራ አለው?

አማች፦ ደወል ይደውላሉ። ከቤታቸው ጓሮ ባለው ትምህርት ቤት፣ ልጅዎ በምትማርበት።

ሰዓት ሠሪ፦ ታውቀዋለህ?!

አማች፦ አዎ።

ሰዓት ሠሪ፦ ለምን አልነገርከኝም?

አማች፦ አልጠየቁኝም።

ሰዓት ሠሪ፦ [ይቀመጣል] ደወል ደዋይ። ቆይ፤ እንግዲያው የትምህርት ቤቱን ደወል እያመሰው ያለው እሱ ነዋ! ከትናንት ወዲያ ልጄ በአምስት ሰዓት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከች አለች። ምነው ስላት «ተደወለ» አለችኝ። በጠራራ ፀሐይ ትዋሻለሽ ብዬ አስለቀስኳት።

አማች፦ ደውለው ነበር። የመውጫ ሰዓት መስሏቸው ነው።

ሰዓት ሠሪ፦ ሰዓት አያይም እንዴ?

አማች፦ የላቸውም። ሰዓቱ ከተበላሸ አራት ወሩ ነው። ስለዚህ በየእረፍቱ በጓሮ በኩል እየሮጡ ይመጡና ከእኛ ግድግዳ ያዳምጣሉ። አንዱ አምስት ይላል፣ ሌላው ሦስት ይላል። ሲጨንቃቸው ፀሐይቱን ያያሉ። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ተቀጥተዋል፤ ዛሬ ከተሳሳቱ ሦስተኛው ስንብት ነው ብለዋቸዋል። ጫማቸውን ሳያደርጉ ጆሯቸውን የለጠፉት ለዚያ ነው።

ሰዓት ሠሪ፦ አንተን አይጠይቅም?

አማች፦ እኔ ልንገርዎት አልኳቸው። «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ከባለሙያው ቤት የሚሰማው ይሻላል» አሉኝ። እርስዎን በጣም ያከብሩዎታል።

ሰዓት ሠሪ፦ [አንገቱን ይደፋል፤ ወዲያው መልሶ ቀና ያደርጋል] ቢሆንም ጥፋቱ የሱ ነው። ሰዓቱ ከተበላሸ አያሠራም? ሰዓት ሠሪ ጎኑ ተቀምጦ! አራት ወር ሙሉ የተበላሸ ሰዓት ይዞ የሚቀመጥ ምን ዓይነት ሰነፍ ነው?

አማች፦ እኔም እሱን አስቤ ነበር።

ሰዓት ሠሪ፦ አይደል?

አማች፦ አዎ። ግን እርስዎን ሰነፍ ማለት ከበደኝ።

ሰዓት ሠሪ፦ እኔን?

አማች፦ ሰዓቱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነዋ። የትምህርት ቤቱ ሰዓት ነው፤ ተሸክመው ያመጡት እሳቸው፣ የተቀበልኩት እኔ። በየሳምንቱ ደጃፍ መጥተው «ደረሰ?» ይሉኛል። እኔ እርስዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ «ነገ» ይላሉ።

ሰዓት ሠሪ፦ እኔ ለሁሉም ደንበኛ ነገ ነው የምለው!

አማች፦ እሳቸው ግን ሁልጊዜ ያምናሉ።

ሰዓት ሠሪ፦ የታለ? የትኛው ነው? [ግድግዳውን በዓይኑ ያስሳል]

አማች፦ የሚወዱት። ኮሽ የማይለው።

[ሰዓት ሠሪው ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ሰዓት ቀና ይላል።]

ሰዓት ሠሪ፦ አይሆንም። ይህማ ይሠራል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰውዬውን የመዘገብኩበት…

አማች፦ ከጀርባው ወረቀት ለጥፌበታለሁ። ቢያነቡት።

ሰዓት ሠሪ፦ [ሰዓቱን አውርዶ ይገለብጣል፤ ያነባል] «የትምህርት ቤት ሰዓት። ሁለት ከሃያ ላይ የቆመ።»

[ደብተሩን ይገልጣል፤ ሰዓቱን ያያል፤ ደብተሩን መልሶ ይዘጋል።]

ሰዓት ሠሪ፦ ከምሳ በኋላ ሁለት ከሃያ…

አማች፦ እኔም ትንሽ ገርሞኝ ነበር።

ሰዓት ሠሪ፦ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች! ሰውዬው እኔን ሲያዳምጥ፣ እኔ እሱን ስሰልል፣ ልጄን ስወቅስ… አማቼ፣ እለምንሃለሁ፣ ብልሽቱ ምን እንደሆነ ነግሮሃል?

አማች፦ ብልሽት የለውም። ቁልፉ ጠፍቶ ነው። ሞላው ሳይጠመዘዝ ስለቀረ ቆመ። ባለፈው ሳምንት ልነግርዎት ስል «ዝም በል፣ ሰውዬው እየወጣ ነው» አሉኝ።

[ሰዓት ሠሪው መሳቢያ ከፍቶ እፍኝ ሙሉ ቁልፍ ይዘረግፋል። አንዱን ይሞክራል፣ ሁለተኛውን ይሞክራል፤ ሦስተኛው ይገባል። ይጠመዝዛል። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል።]

ሰዓት ሠሪ፦ አራት ወር ያስቀመጥኩት ሥራ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። [በድንገት ይደርቃል] ደብዳቤው! ሩጥ። ወደ አከራይዋ ሩጥ። ተሳስቶ ነው በላት፣ አብዷል በላት፣ የፈለግከውን በላት። ሰውዬው በእኔ እጅ ሥራውንም ቤቱንም ከሚያጣ እኔ ብዋረድ ይሻለኛል።

አማች፦ መሮጥ አያስፈልግም። [ከደረት ኪሱ ፖስታ ያወጣል] አልሰጠኋትም።

ሰዓት ሠሪ፦ አልሰጠሃትም? ትናንት አድርስ ብዬህ?

አማች፦ ነገ እሰጣለሁ አልኩ። ከዚህ ቤት የተማርኩት ሙያ እሱ ብቻ ነው።

ሰዓት ሠሪ፦ [ፖስታውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ይቀዳድዳል] ከዛሬ በኋላ ነገ ካልኩህ በዚህ መፍቻ ጭንቅላቴን በለኝ።

አማች፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔና ወረቀቱ አንድ ኪስ ላይ ተገናኝተን ነው የቆየነው።

ሰዓት ሠሪ፦ እሺ፣ እሺ። አሁን ሰዓት ቆጣሪና ደቂቃ ቆጣሪውን ላስተካክልና በመስኮት ልስጠው። ጊዜ የለም። ስንት ሰዓት ነው?

[ግድግዳውን ያያል። አንዱ አራት ይላል፣ አንዱ ዘጠኝ፣ አንዱ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ። ፊቱን ወደ አማቹ ያዞራል። ድምፁ ዝቅ ይላል።]

ሰዓት ሠሪ፦ ወንድሜ። እውነተኛው ሰዓት ስንት ነው?

አማች፦ [እጅጌውን ይሰበስባል፤ የእጅ ሰዓቱን ያያል] ለሁለት አምስት ጉዳይ።

ሰዓት ሠሪ፦ ሰዓት አለህ እንዴ?!

አማች፦ አልጠየቁኝም።

[ሰዓት ሠሪው ቆጣሪዎቹን አዙሮ መስኮቱን ይከፍታል፤ ትልቁን ሰዓት በሁለት እጁ ያቀብላል። ደህና ሰዓት ነው፣ ይቅርታዬን ማታ ቤትዎ መጥቼ እጠይቃለሁ፣ ደወሉ በሁለት ነው እያለ ይንተባተባል። ከውጭ ምርቃት ይሰማል፤ ከዚያ የሩጫ ኮቴ።]

ሰዓት ሠሪ፦ [መስኮት ላይ ተደግፎ ያያል] ይደርሳል። አሁንም አንድ ጫማ ነው ያደረገው።

አማች፦ ሁለት ነው ጋሼ። ሰዓቱን ሲታቀፉ አንዱን መስኮቱ ላይ ረስተውታል እንጂ ሁለት ነው።

[ሰዓት ሠሪው ጫማውን አንስቶ ያየዋል። ከጓሮው በኩል የትምህርት ቤት ደወል ይደወላል። አማቹ የእጅ ሰዓቱን አይቶ «ልክ ሁለት» ይላል። ሰዓት ሠሪው የአማቹን እጅ ጎትቶ ሰዓቱን ጆሮው ላይ ያደርጋል።]

ሰዓት ሠሪ፦ እንዴት ያለች ጎበዝ ናት። ተጠግናለች፤ ግን የኔ እጅ አይደለም። ማን ነው የሠራት?

አማች፦ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰዓት ሠሪ።

ሰዓት ሠሪ፦ የእህትህ ባል ሰዓት ሠሪ ሆኖ፣ አንተ እዚሁ ቤት እየዋልክ፣ ሰዓትህን ማዶ ታሠራለህ? ምን አጥፍቼ ነው?

አማች፦ ምን ላድርግ ጋሼ? ሥራ ካረፈድኩ ይቆጡኛላ።