ሰውነታችሁ ገና አልሰማም

ብስክሌት ነጂዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ ከመንዳቱ ይልቅ ለመንዳት መዘጋጀቱን የሚወድ አንድ ሰው አይጠፋም። ጎማ ተነፍቶ፣ ውሃ ተይዞ፣ ሁሉም አንድ እግሩን ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ፣ እሱ ገና ቁርጭምጭሚቱን እያዞረ ነው።

አንድ ፀጉር አስተካካይ እሁድ እሁድ በሚነዳበት ቡድን ውስጥ ይህ ከፍተኛ ሹመት የተያዘው በጋሽ ቆዩ ነው። ክቡርነታቸው ማተሚያ ቤት ውስጥ ሰላሳ ዓመት በአራሚነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሲሆን፣ ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ከአፋቸው ከማይጠፋው ቃል ነው። «ቆዩ! እናንተ ነቅታችኋል፤ ሰውነታችሁ ግን ገና አልሰማም።» ባት በሰላሳ ቁጥር፣ ጭን በሰላሳ ቁጥር ያፍታታሉ። መሀል ላይ አንድ ሰው ካወራ ወይም ከሳቀ ቆጠራው ተበላሽቷልና «ከአንድ!» ይላሉ። አንድ ቀን የአንዱ አባል፣ የዳቦ ጋጋሪው፣ ስልክ መጮኹን አላቋርጥ ብሎ፣ ቡድኑ ግማሽ ሰዓት በአንድ እግሩ ቆሟል ይባላል።

ፀጉር አስተካካዩ ድሮ በዚህ ቆጠራ ቀልዶ አይጠግብም ነበር። ዛሬ ግን ቆጠራው እንዳያልቅ ይጸልያል።

ከሦስት ወር በፊት፣ ከነዳጅ ማደያው ቁልቁል በሚወርደው መንገድ መታጠፊያ ላይ ጠጠር አንሸራትቶት ቀኝ እጁ ተሰብሯል። ጀሶው ከተፈታ ቆየ፤ መቀስም ይዟል። ብስክሌት ሲነካ ግን መዳፉ በላብ ይርሳል። ባለቤቱ ቁርጡን ነግራዋለች፦ «ወይ ንዳው፣ ወይ ለወንድምህ ስጠው። ኮሪደሩ ላይ ባየኸው ቁጥር ፊትህ ሲለዋወጥ ማየት ሰልችቶኛል።» እሱም «እሁድ እነዳለሁ፤ ካቃተኝ ይውሰደው» ብሎ ምሎላታል። እሁድ ይኸው ደረሰ። ቡድኑ ማደያው ጋ ተሰብስቦ እያፍታታ ነው፤ መታጠፊያው ከቆመበት ይታየዋል።

«ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት...»

ፀጉር አስተካካዩ አስነጠሰ።

«ከአንድ!»

በሁለተኛው ዙር ሃያ ስምንት ላይ «ጋሼ፣ ግራ ነው ቀኝ?» ብሎ ጠየቀ። በሦስተኛው ሃያ ዘጠኝ ላይ ሳል ያዘው።

«ኧረ ጋሼ፣ በፈጠረዎት! ፀሐይዋ አናታችን ላይ ልትወጣ እኮ ነው!» አለች የቡድኑ ኤሌክትሪሺያን። ትዕግሥቷ አልቆ ፔዳሏን ረገጠች፤ ዳቦ ጋጋሪውም ተከተላት። ሁለቱ ቁልቁለቱን ተያይዘውት ወዲያው ከዓይን ተሰወሩ።

ጋሽ ቆዩ እግራቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «ልጄ፣ እኔ አራሚ ነኝ። ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተት አያመልጠኝም። ፈርተሃል።»

ሊያስተባብል ፈልጎ ተወው። «ልቤ ተሰቅሏል ጋሼ። ዛሬ የምወርድ አይመስለኝም።»

«እኔም።»

«እርስዎም ምን?»

«እኔም እፈራለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! እናንተ ባት የማፍታታ ይመስላችኋል፤ እኔ ልቤን ነው የማባብለው። ከዚያ ከእናንተ ጀርባ እደበቅና፣ ዓይኔን ከፊቴ ካለው ጎማ ሳልነቅል እወርዳለሁ።» ባዶውን መንገድ አዩት። «ዛሬ ግን የምከተላቸውን ሰዎች አባረርክብኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ የሽማግሌውን እጆች አየ። መሪውን ጨምድደው ይዘዋል። ያንን ሁሉ ዓመት የቀለደባቸውን አስቦ አፈረ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ እንዲያውም ባሰበት። ግን እኚህን ሰው የሚከተሉት ጎማ ሳይኖራቸው እዚህ ትቶ ወደ ቤት መመለስ አልሆንልህ አለው።

«በሉ ጋሼ፣ የኔን ጎማ ይዩ» አለና ቀደመ።

መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ፍሬኑ ላይ ደርቀው ነበር። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲንኮሻኮሽ ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ከኋላው «ቀስ! ቀስ በል! ትከሻህን አታጥብቅ!» የሚለው ያ አሰልቺ ድምፅ ባይሰማው ኖሮ ወርዶ ይገፋ ነበር። አልወረደም። መታጠፊያውን አለፈ።

ታች ሲደርሱ ሁለቱ ጓደኞቻቸው እየጠበቋቸው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ብስክሌቱን ሣር ላይ ጥሎ ጋሽ ቆዩ ላይ ተጠመጠመባቸው። ሁለቱም እንደ ቅጠል ይርገፈገፋሉ።

«ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው ደንግጦ።

«ምንም። ትከሻ እያፍታታን ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሳይለቃቸው።