የመልሱን ገጽ የሚያስደብቁት ጋሽ ዳንጊሶ

መልሱን ቀድሞ ሳያይ እንግሊዝኛ የሚለማመድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ ባህል አዳራሽ አጠገብ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛ፣ ጋሽ ዳንጊሶ። የማስተርስ መግቢያ ፈተናው የንባብ ክፍል ሁለቴ ጥሏቸዋል፤ ሦስተኛው ሙከራቸው ሰኞ ነው። ከታሪክና ከሥነ ጽሑፍ ሂስ የወጣ ከባድ ምንባብ ኮፒ ያስደርጉና የመልሱን ገጽ ለእኔ ይሰጣሉ። «ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» ይላሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ይለምኑኛል።

ትናንት የአንዱን ጥያቄ መልሳቸውን ስህተት ብዬ ሳርምባቸው «የተሳሳተው የመልሱ ገጽ ራሱ ነው» ብለው ተቆጡ።

«ምንባቡን እንደገና ያንብቡት፣ ጋሼ።»

ወረፋው በሩ ላይ እስኪደርስ አራቴ አነበቡት። «ጸሐፊው ይህን አላለም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የጨመርኩበት።»

እስቲ በዚህ ከተማ፣ ሰው ያላለውን ጨምሮ የማያወራ ማን አለ? ጨመርኩ ብሎ የሚያምንስ? ፈታኞቹ ሰኞ የፈለጉትን ይበሉ፤ እኔ አሳልፌያቸዋለሁ።