የቁንዝላው ሜዳሊያ

ጎረቤቴ ታደለ የኮሌጅ አስተማሪ ነው፤ አሮጌ ሜዳሊያ ይሰበስባል። እናንተ የሚሰበስበው ለሜዳሊያው ይመስላችኋል? የለም፣ ለእድፉ ነው! «ታሪኩ ያለው እድፉ ላይ ነው» እያለ ሚስቱን ጨርቅ ይዛ ወደ ሣጥኑ አያስጠጋትም።

ባለፈው ወር አብሬው ቁንዝላ ሄድሁ። አንዲት አሮጊት የንጉሥ ምስል ያለበትን የአባታቸውን ሜዳሊያ ሊሸጡለት ቀጥረውታል። ስንደርስ ሜዳሊያው እንደ መስተዋት ያበራል፤ ንጉሡ ግን የሉበትም።

«እድፋም ነገር ለእንግዳ ይሰጣል እንዴ፣ ልጄ? ሦስት ቀን ሙሉ በአሸዋ ፈተግሁት» አሉ በኩራት።

ታደለ ሳይከራከር ዋጋውን ከፍሎ ሜዳሊያውን ተቀበላቸው።

ዛሬ ከዚያ ሜዳሊያ የሚያስበልጠው የለም። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የትኛውን ንጉሥ እንደሚወድ ይጠይቀዋል፤ ከዚያ ሜዳሊያውን አውጥቶ «እኒያውልህ!» ይለዋል። እንግዳውም ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አገላብጦ ያይና፣ «ቁርጥ እሳቸው!» ይላል።