በጾም የተቀባ ራስ

ዕድሜዬ ከገፋ ወዲህ ትዝታዬ እንደ አሮጌ ወንፊት አፍሳሽ ሆኗል፤ ዓመቱን ወይም የማን ንግግር እንደቀደመ ብሳሳት ይቅር በሉኝ። አንድ ነገር ግን አልሳሳትም። ሰው ኃጢአቱን ዕድሜ ልኩን ደብቆ ይኖራል፤ ጾሙን ግን አንድ ሳምንት መደበቅ አይችልም። ለምን ይሆን?

እኔ ካቶሊክ ነኝ። እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ የገባሁት ቤተ እስራኤል በሆነችው ባለቤቴ በኩል ነው። አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም መግቢያ ሃይፋ ሄጄ ሳስቀድስ፣ ቄሱ ስትጾሙ ራሳችሁን ተቀቡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ጾማችሁን ሰው አይወቅባችሁ የሚለውን ወንጌል አነበቡ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜአለሁ፤ ሳላወራ የጾምኩበትን ጊዜ ግን አላስታውስም። ዘንድሮ በትክክል እጾማለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

መቁረጡ ቀላል ነው፤ መቀባቱ ግን አሳሰበኝ። በአገራችን ራስ የሚቀባው ቅቤ ነው፤ ቅቤ ደግሞ የፍስክ ነው። ለመሆኑ ራስ ይገድፋል? የምጠይቀው ሰው ባጣ ከጓዳ የወይራ ዘይት አውጥቼ ተቀባሁ። ባለቤቴ አየችኝና፣ አንተ ሰው፣ የቀረህ ሎሚ ብቻ ነው አለችኝ።

ጭንቁ የመጣው ዓርብ ማታ ነው። በምንኖርበት በነቬ ሐይም ሰፈር፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አባ ተዘራ የሚባሉ ቤተ እስራኤል የወገራ ሰው ነበሩ፤ የሰንበት ራታችንን የምንበላው እሳቸው ቤት ነው። ይህ እንዲሁ የመጣ ነገር አይደለም። በአገር ቤት ቤተ እስራኤሎች ያረዱትን እኛ ክርስቲያኖች አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም ነበር። አባ ተዘራ ከእኔ ጋር ማዕድ ለመቅረብ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ታዲያ ዶሮው ሲቀርብ ምን ልበል? ጾም ነው ካልኩ ምስጢሬ ወጣ። ሆዴን አሞኛል ብዬ ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። ለጾም ተብሎ መዋሸት የትኛው መጽሐፍ ላይ እንዳለ አትጠይቁኝ። በሁለተኛውም ዓርብ ሆዴ ታመመ። በሦስተኛው አባ ተዘራ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ ገብሬ፣ እዚህ አገር መጥተህም የእኛን እጅ ትጸየፋለህ? እንዲያ ከሆነ ከዛሬ ወዲያ ይህን ደረጃ አትውረድ አሉኝ።

ወዳጅ የሚያሳጣ ጾም ምን ጾም ነው? አባቴ፣ ጾም ይዤ ነው፣ ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው አልኩ።

ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ በይ አምጪው፣ አፉ ተከፈተ አሉ። ሚስታቸው ለሰንበት ምግብ ከሚሞቅበት ፕላታ ላይ አንዲት ትንሽ ድስት አነሱ። የጾም ሽሮ ነው። ለካ ሦስቱንም ዓርብ እኔኑ ስትጠብቅ ኖሯል።

እንዴት አወቃችሁ ብል፣ እንዴት አናውቅም፣ እንዲህ የሚያበራ መላጣ በሰፈሩ ታይቶ ያውቃል? ይልቅ መጽሐፍህ ከሰው ደብቅ አለ እንጂ ከጎረቤትህ ደብቅ አለህ? አሉኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው እያደር አብረቀረቀ።

እኔ ግን ተስፋ የምቆርጥ ሰው አይደለሁም። በሚቀጥለው ዓመት ባርኔጣ ገዛሁና በተቀባው ራሴ ላይ ደፋሁበት። ጾሙ ሲፈታ አውልቄ ሰቀልኩት።

ከዚያ በኋላ አባ ተዘራ ቤርሼባ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። የመጨረሻ ወሬያቸውን የሰማሁት ጾም በገባ ሰሞን፣ ሀደራ ገበያ ውስጥ ነው። ከዚያ የመጣ አንድ የማላውቀው ሰው አቶ ገብሬ እርስዎ ነዎት? ብሎ ወደ ሻይ ቤት ወሰደኝና፣ ሳይጠይቀኝ ሻዬን ያለ ወተት አዘዘልኝ። ማን ነገረህ ብዬ ስጠይቀው፣ አባ ተዘራ ደኅና ናቸው አለ፤ ገበያ ውስጥ ባርኔጣ የደፋ ሽማግሌ ካየህ ገብሬ ነውና፣ ወተት እንዳታስነካው ብለውኛል።